አባዬ የለም በያቸው

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? ጽሑፍዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። 41 ዓመቴ ነው። ገርጂ ተከራይቼ ነው የምኖረው። በአንድ የግንባታ ድርጅት ስቶር ኪፐር ነኝ። ባለቤቴ እቤት እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። አንዲት ልጅ አለችን፤ 10 ዓመቷ ነው፣ 4ኛ ክፍል።

አምና ሳምንታዊ እቁብ ገባሁ። 52 ሰው፣ በሳምንት 2,000 ብር። በ9ኛው ሳምንት ዕጣ ወጣልኝና ሁለት የሰፈር ጓደኞቼን ዋስ ጠርቼ 104 ሺህ ብር ወሰድኩ። 42 ሺው ለስድስት ወር የቤት ኪራይ ቅድሚያ ሄደ። 32 ሺው ለልጄ ትምህርት ቤት፤ ምዝገባ፣ ክፍያ፣ ዩኒፎርም። በቀረው 30 ሺህ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛሁ። አይፍረዱብኝ፤ ልጄ የጎረቤት በር ላይ ቆማ ካርቱን ስታይ አይቼ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው።

እቁቡን የምጥለው በኦቨርታይም ነበር። ሳይቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኦቨርታይሙ ቀረ። አምስት ሳምንት አልጣልኩም። ሃያ ሳምንት ደግሞ ይቀራል። በድምሩ 50 ሺህ ብር። የእቁቡ ዳኛ ይደውላል፤ አላነሳም። እሁድ ጠዋት ደግሞ እቤት ድረስ ይመጣል። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ናት። ልጄን ‹አባዬ የለም በያቸው› ብዬ ጓዳ እገባለሁ። ዋሶቼን መንገድ ላይ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አታውቅም። እየጣልኩ ነው የሚመስላት።

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ሒሳብ 4 ከ10 አምጥታ፣ ወላጅ ያስፈርሙ ሲባል ኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ የእኔን ፊርማ አስመስላ ፈርማለች። እቤት እንደደረስን በጥፊ መታኋት። ከዚያ በፊት መትቻት አላውቅም። ‹ስንት ብር እየከፈልኩ እንደማስተምርሽ ታውቂያለሽ? ውሸት ማን አስተማረሽ?› አልኳት። ጉንጯን ይዛ ‹አንተስ የለም በያቸው ትለኝ የለ?› አለችኝ። እትዬ፣ መልስ አጣሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ለድርጅታችን ሲሚንቶ የሚያቀርብ ሰው አለ። 200 ኩንታል ሳይገባ ገብቷል ብዬ ሞዴል 19፣ የዕቃ መረከቢያው ቅጽ ላይ እንድፈርም ይፈልጋል። 50 ሺህ ብር ይሰጠኛል። ዕዳዬን ለክቶ የመጣ ነው የሚመስለው።

ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ደረቴን ያፍነኛል። አንዴ ብቻ ፈርሜ ከዕዳው ብወጣ፣ ከዚያ በኋላ ልጄን አላስዋሽም፣ ከማንም አልደበቅም። ትንንሹን ውሸት ሁሉ በአንድ ትልቅ ውሸት ብገላገለውስ? ምን ይሉኛል?

ስሜ ይቆየኝ፣ ከገርጂ»

ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ብዬህ ልቀጥል።

ከመጨረሻው ልጀምር። አትፈርም። ምክንያቱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ፤ ሰውየው ነገ ጠዋት ስቶርህ በር ላይ ሊቆም ስለሚችል ነው ያስቀደምኩት። ሲመጣ «አልችልም» በለውና ሥራህን ቀጥል። ሰበብ አትደርድርለት። ሰበብ ከሰጠኸው ለሰበቡ መፍትሔ ይዞ ይመለሳል።

አሁን ወደ ልጅህ ልሂድ።

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። የእቁብ ዕዳ ለዚህ ዓምድ አዲስ ነገር አይደለም። የሲሚንቶውም ሰውዬ ስሙ ይለያይ እንጂ አውቀዋለሁ። ልቤን የያዘችው ጉንጯን ይዛ የቆመችው ልጅ ናት። አፍ የመለሰችብህ እንዳይመስልህ። የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ሁለት ነገር አየች፣ ሁለቱ አልገጥም አላት፣ ጠየቀችህ። በቃ።

«ውሸት ማን አስተማረሽ» ብለሃታል። እኔ ግን ከውሸቱ በፊት ሌላ ነገር የተማረች ይመስለኛል። እሁድ ጠዋት በር ይንኳኳል። ሁሉን የሚችለው አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ጓዳ ይገባል። በሩ ጋ የምትቀረው እሷ ናት። ከትልቅ ሰው ጋር ፊት ለፊት የምትቆመው እሷ ናት። የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ሰው ይደበቃል ማለት ነው ብላ ይዛዋለች። ከዚያ የራሷ የሚያስፈራ ነገር መጣባት፤ 4 ከ10። የምትገባበት ጓዳ ደግሞ የላትም። ያንተ ፊርማ ውስጥ ገባች።

እስቲ አንድ ነገር አድርግ። የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ ገልጠህ እይ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ፊርማህን በእርሳስ ተደርድሮ ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ። አንዱ ጅራቱ ረዝሞ፣ አንዱ ተሰርዞ፣ አንዱ ላጲስ በዝቶበት ወረቀቱ ተቀዶ። ያን ስታይ ንዴትህ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። «ስንት ብር እየከፈልኩ» የምትላት ያን ቀን ብቻ እንዳልሆነ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል። እኛ ወላጆች ይህችን ነገር እንደ ምርቃት ነው የምንደጋግማት። ልጅ ግን ሒሳብ ይሠራል። 32 ሺህ ተከፍሎ 4 ከ10። በእሷ ስሌት ያን ወረቀት ማሳየት ማለት የአባቷን ብር እንዳባከነች መናገር ነው። አባቷ ደግሞ ብር እንደሌለው ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ይሄኛው ነው እኔን የከበደኝ። ሚስትህ የማታውቀውን ልጅህ ታውቃለች። እናቷ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ተከናንባ ስትመለስ፣ ልጅቷ ምንም እንዳልሆነ ሆና ቁርስ ታቀርባለች። ምስጢር ጠባቂ አድርገሃታል። ያለ ደመወዝ። እናቷን እያየች ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብዳት አስበህ ታውቃለህ? አንተ አንድ ጓዳ አለህ፤ እሷን ሁለት ቦታ ነው ያስደበቅካት፣ ከዳኛውና ከእናቷ።

እኔ ከዚህ የጸዳሁ ሆኜ እንዳይመስልህ። ልጆቼ ትንንሽ እያሉ አማቴ ስትደውል «ተኝታለች በዪ» ብዬ ለሴቷ ልጄ ስልክ ሰጥቻታለሁ። ልጄም ተቀብላ «እማዬ ተኝታለች በዪ ብላኛለች» አለቻት። አማቴ እስክታርፍ ድረስ በዚያ ስትስቅብኝ ኖራለች። እኔን ሳቅ አዳነኝ። ያንተ ጉዳይ ዕዳ ስላለበት አያስቅም እንጂ አመሉ አንድ ነው።

ስለ ዳኛው ደግሞ አንድ ነገር ላጫውትህ። አንተ ያለኸው ከበሩ ወዲህ ነው። እኔ ያደግሁት ከበሩ ወዲያ ካለው ሰው ቤት ነው። አባቴ ጉለሌ ውስጥ የእቁብ ዳኛ ነበር፤ በ70ዎቹ፣ በሳምንት አሥር ብር የሚጣልበት እቁብ። እሁድ ከሰዓት ግቢያችን በሰው ይሞላል። ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ገንዘብ ያዡ ይቆጥራል። አባቴ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረው። የጣለ ሰው ስም ፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ ይፈርማል። ያልጣለ ሰው ፊት በቀይ ያሰምራል። ሦስተኛ ምልክት ግን ነበረችው፤ ነጥብ። ልጅ ሆኜ «ይቺ ምንድን ናት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይሄ ሰውዬ አልጣለም፤ ግን መጥቶ ነግሮኛል» አለኝ።

ነጥብ ያለባቸው ሰዎች ቤት ሄዶ አያውቅም። የሚሄደው ቀይ ያሰመረባቸው ሰዎች ቤት ነው። ሲመለስም በብሩ አይበሳጭም። «ልጁን ላከብኝ፣ ሚስቱን ላከብኝ» እያለ ነው የሚብሰከሰከው። አንድ ቀን ከጓዳ ሳል ሰምቶ መመለሱን ነግሮናል። የሰውየውን ሳል ያውቀዋል። አንተም ወንድሜ፣ ጓዳ መሆንህን ዳኛው እንደሚያውቅ እወቅ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አንተም ዳኛውም ታውቃላችሁ፤ ለምን እንደምትዋሽ ያልገባት ልጅህ ብቻ ናት።

ስለዚህ ነጥብ ሁን። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

መጀመሪያ ሚስትህ። ዛሬ ማታ፣ ልጅቷ ስትተኛ። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጽፈህ አሳያት፤ በቃል ከሆነ ከአፍህ ላይ ትቀንሳለህ። 27 ሳምንት ጥዬ 54 ሺህ ከፍያለሁ፣ አምስት ሳምንት አለፈኝ፣ ሃያ ይቀረኛል በላት። ሰውየው ያመጣብህንም የሲሚንቶ ነገር ንገራት። ትቆጣለች። ትቆጣ። ምናልባት ሁለት ቀን አታናግርህም። እንጀራ ለሱቅ የምታስረክብ ሴት ግን ስለ ዱቤ፣ ስለ ቀን መጠየቅ፣ ስለ ቸገረኝ ማለት ካንተ የተሻለ ታውቃለች፤ ባለሱቆቹ በየቀኑ የሚያስተምሯት ይህንኑ ነው። እስካሁን ብቻህን የተሸከምከው ከእሷ ብትደብቀው ነው።

ቀጥሎ ዋሶችህ። ወደ ዳኛው ከመሄድህ በፊት እነሱ ጋ ሂድ። አንተ ብትጠፋ ዳኛው የሚይዘው እነሱን ነው፤ እነሱም ይህን ያውቃሉ። መንገድ ስትቀይርባቸው ምን እያሰቡ እንደሚያዩህ ልነግርህ አልፈልግም። ለሁለቱም እኩል፣ በአንድ ቀን ንገራቸው። አንዱ ከሌላው እንዳይሰማ። ከዚያ አንዱን ይዘህ ዳኛው ጋ ሂድ። ዋስ አብሮ ሲቆም የዳኛው ፊት ይለወጣል።

ባዶ እጅህን አትሂድ። የአንድ ሳምንት ይሁን፣ 2,000 ብር። ካጣህ 1,000። አባቴ አምስት ብር ይዞ የመጣን ሰው አሥር ብር ካመጣው በላይ ሲያከብር አይቻለሁ፤ ምን ያህል እንደታገለ ያውቃላ።

አሁን ቴሌቪዥኑ። እንደማትወደው አውቃለሁ፤ ግን ሽጠው። በ30 ሺህ ገዝተኸው ግማሹን ቢያወጣልህ 15 ሺህ ነው። በ10 ሺው ያለፈህን አምስት ሳምንት ትዘጋለህ። 5 ሺው ከቀሪው 40 ሺህ ላይ ይቀነሳል። 35 ሺህ ይቀርሃል። በሳምንት 1,000 ልጣል ብትል 35 ሳምንት ነው፤ እቁቡ ካለቀ በኋላ 15 ሳምንት ትከፍላለህ ማለት ነው። ዳኛው ይህን ላይቀበል ይችላል። መጨረሻ ላይ ዕጣ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ያንተ ጉድለት የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፤ እውነታቸውን ነው ቢቆጡ። ያኔ 1,500 ልትሉ ትችላላችሁ፣ ወይ ከዋሶችህ አንዱ ለጥቂት ሳምንት ይሸፍንልህና ለእሱ ትከፍለዋለህ። በሽማግሌም ያልቃል። ብቻ የማትችለውን ቁጥር ቃል አትግባ። ደግመህ ከቀረህ ነጥቧ ትጠፋለች።

ልጅቷን «ቴሌቪዥኑ የተሸጠው 4 ስላመጣሽ ነው» እንዳትላት አደራ። እንዲያውም ከመሸጡ በፊት አንተው ንገራት።

ኪራዩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳይህ ወጣ ቢልም ይጠቅምሃል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥሩ 1320፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ውሉም ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ስድስት ወር የከፈልከው አልፏል። ሲያልቅ ግን እንደገና ስድስት ወር ቢልህ ይህን እያወቅክ ተነጋገር። ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው አዋጁንና ደላላውን ለየብቻ እንደሚያውቃቸው ይገባኛል፤ ቢሆንም የማታውቀውን መብት መጠየቅም አትችልም። ስድስት ወሩ ሁለት ቢሆን ኖሮ እጅህ ላይ 28 ሺህ ብር ይቀር ነበር።

ኑሮው እንደከበደህ አልክድም። ሐምሌ 22፣ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ሲሻገር አይተናል። ዘይቱም፣ ደብተሩም፣ ታክሲውም አብሮ ተነስቷል። ደሞዝተኛ ሁሉ እንዳንተ እየቆጠረ ነው የሚያድረው። ይህን የምነግርህ ብቻዬን ነኝ ብለህ እንዳታስብ ነው፤ ለሞዴል 19 ምክንያት እንዲሆንህ አይደለም።

እንግዲህ ወደ እሱ ልምጣ።

«አንዴ ብቻ» ብለሃል። ስቶር ኪፐር ሆነህ ይህን ማለትህ አስገረመኝ። 200 ኩንታል ማለት 400 ከረጢት ነው። ሞዴል 19 ላይ ፈረምክ እንበል። ቅጂው ሂሳብ ክፍል ሄደ፣ ሰውየው ክፍያውን ወሰደ። ቢን ካርድህ፣ የዕቃ መቆጣጠሪያው ካርድ ላይ ግን 400 ከረጢት ተቀምጧል። መጋዘንህ ውስጥ የለም። ታዲያ ምን ታደርጋለህ? ማውጣት አለብህ። ላልገባው ሲሚንቶ ሞዴል 22፣ የዕቃ ማውጫውን ቅጽ ትቆርጣለህ። ለማን? ፎርማኑ ተረከብኩ ብሎ ካልፈረመ አይወጣም። እሱ ከፈረመ ያውቃል፤ ካወቀ ድርሻ ይፈልጋል። ሥራ በቀዘቀዘበት ሳይት 400 ከረጢት የት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ በኮንክሪት የተሞላ ምሰሶ ማሳየት አለበት። «ተቀምጧል» እንዳትል ደግሞ ሲሚንቶ እንደ ብረት አይቀመጥም፤ ወራት ሲቆይ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። ሰኔ 30 ቆጠራ ይመጣል። ቆጣሪዎቹ የሚይዙት ያንተን ጥራዝ ነው። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ 50 ሺህ ብር የሰጠህ ሰው ስም በአቅራቢነት እንጂ በሌላ አይገኝም። «ቆጥሬ ተረክቤያለሁ» የሚለው ያንተ ፊርማ ነው።

ቆጠራውን በሆነ ዘዴ ብታልፍ እንኳ ሰውየው ይመለሳል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ሲመለስ ደግሞ 50 ሺህ ይዞ አይመጣም፤ ያን የፈረምክበትን ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣ። ያን ቀን በር ሲንኳኳ ለልጅህ ምን ልትላት ነው?

ትልቁ ውሸት ትንንሾቹን ይገላግለኛል ያልከውን ደጋግሜ አሰብኩበት። ትንንሾቹ ውሸቶችህ እኮ ዛሬም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘጋሉ፤ «ቸግሮኛል፣ ጊዜ ስጡኝ»። ታሳፍራለች፤ ማሳፈሯን አውቃለሁ። ከእሷ ለማምለጥ ነው ወደ እስር ቤት በሚወስድ መንገድ ልትዞር የፈለግከው።

አሁን ልጅህን እንዴት እንደምታናግራት። ረጅም ንግግር አታዘጋጅ። አጠገቧ ተቀመጥ፣ ቆመህ አይሁን። መጀመሪያ ጥፊውን አንሳ። «የመታሁሽ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» በላት። ብዙ አባቶች እዚህ ላይ ምላሳቸው ይያያዛል፤ ልጅ ይንቀኛል ብለው ይፈራሉ። እስካሁን ይቅርታ በመጠየቁ የተናቀ አባት አላየሁም። ቀጥለህ «የለም በያቸው እያልኩ ያስዋሸሁሽ ልክ አልነበረም። ዕዳ ነበረብኝ፣ አፍሬ ነው። ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ከእንግዲህ በር ሲንኳኳ የምከፍተው እኔ ነኝ» በላት። ለእናቷ መንገርህን የግድ ትስማ፤ ያኔ ከትከሻዋ ላይ የሚወርደውን ነገር በዓይንህ ታየዋለህ። ስለ 50 ሺው፣ ስለ ሃያው ሳምንት ዝርዝር አያስፈልጋትም። የአሥር ዓመት ልጅ ዕዳ ቆጣሪ አትሁን።

የእሷ ጥፋት ግን አብሮ አይሰረዝ። «እኔም አጥፍቻለሁ፣ አንቺም አጥፍተሻል፣ እኩል ነን» አትበላት። ፊርማውን ለአስተማሪዋ ራሷ ትናገር፤ አንተ አጠገቧ ቁም እንጂ አትናገርላት። ድምፅዋ ከቀነሰ ጠብቃት። አስተማሪዋንም ቀድመህ በስልክ አዘጋጃት፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት እንዳይሆን።

ከዚያ ያቺን ወረቀት አውጡና አንተ ፈርምባት። 4 ከ10 ላይ፣ በእውነተኛው ፊርማህ፣ እሷ እያየች። ስድስቱን የሳተቻቸውን ደግሞ አብራችሁ ሥሩ። 4ኛ ክፍል ብዙዎቹ የሚደናገሩት ክፍልፋይ ላይ ነው። እቤታችሁ እንጀራ አይጠፋም፤ አንዱን አሥር ቦታ ቆርጠህ አሳያት። አራቱ ሲነሳ ስንት እንደቀረ ራሷ ትቁጠር። ከኩንታል ወደ ከረጢት ስትቀይር ውለህ የምትገባ ሰው አንድ ሰዓት ብትሰጣት ከምትከፍልላት ማስጠኛ ይሻላል። ይህን ስትሠሩ ግን «ስንት እየከፈልኩ» የሚለውን ቃል ከቤትህ አውጣው።

ደረቴን ያፍነኛል ያልከውን በዕዳው አሳበህ አትለፈው። ጤና ጣቢያ ሄደህ ግፊትህን ተለካ፣ እንቅልፍ እንደሌለህም ንገራቸው። 41 ዓመት ወጣት ነው፤ ግን ልብ ዕድሜ አይጠይቅም።

ቀኑን ልምረጥልህ። ለሚስትህ ዛሬ። ለዋሶችህ ቅዳሜ። ዳኛውን ደግሞ እሁድ ቤትህ እስኪመጣ አትጠብቀው፤ ቅዳሜ ማታ ደውለህ «ነገ እኔ እመጣለሁ» በለው። እቁብተኛው ሳይሰበሰብ ሂድ፤ ሰው ፊት ከሆነ እሱም ለሌሎቹ ሲል መጠንከር አለበት። ለብቻው ካገኘኸው አባቴን የመሰለ ሰው ሊሆን ይችላል።

ይቀድምሃል ብዬ ግን እጠረጥራለሁ። ለአምስት ሳምንት ያልተጣለለት ሰው ስልክ አምኖ አይቀመጥም። ምናልባት እሁድ ጠዋት ከመውጣትህ በፊት በሩ ይንኳኳል። ልጅህ ከለመደችው ቦታ ተነስታ ዓይንህን ታያለች፤ ምን ልበላቸው ብላ። ያን ጊዜ ጫማህን አጥልቀህ፣ አልፈሃት ሂድና ክፈት። «ግቡ» በላቸው። ሻይ ካለ ይቅረብ።

ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ። ቴሌቪዥኑም ስንት እንዳወጣ።